ቁጥሩ የሚቆጠረው ከባሱ ነው፦ በኮርድ ግልበጣና በፊገርድ ባስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኪቦርድ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግሯቸው ከባስ (ከሁሉ በታች ካለው) ኖታ ሥር የሚጻፉትና በላዩ የትኞቹ ኖታዎች እንደሚመቱ የሚነግሩት ትንንሽ ቁጥሮች፣ ማለትም ፊገርድ ባስ፣ ናቸው። ስህተቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ቁጥሩን ከኮርዱ (በአንድ ላይ ከሚመቱት ኖታዎች) መነሻ ኖታ፣ ማለትም ለኮርዱ ስሙን ከሚሰጠው ኖታ፣ ጀምሮ ከመቁጠር ነው። ይህ የአጻጻፍ ስልት እ.ኤ.አ. በ1600 አካባቢ በአውሮፓ ሲስፋፋ ስለ ግልበጣ፣ ማለትም ከመነሻው ሌላ የኮርዱ ኖታ ባስ ስለ መሆኑ፣ እምብዛም የሚያወራ አልነበረም፤ ዶ-ሚ-ሶልም ሆነ ሚ-ሶል-ዶ አንድ ኮርድ መሆናቸውን በንድፈ ሐሳብ አደራጅቶ ያስረዳው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዣን ፊሊፕ ራሞ እ.ኤ.አ. በ1722 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያውቀው ባሱን ብቻ ነው።

ከሚ ሥር 6 ያየ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሚ፣ ሶልና ሲን ይይዝና በዘመናዊ ዘፈን እንደለመደው ስድስተኛውን፣ ማለትም ዶን፣ ይጨምርበታል። የተፈለገው ግን ሲ የሌለበት ሚ-ሶል-ዶ ነው፤ 6 ብቻውን ሲጻፍ 3 አብሮት እንዳለ ይታሰባል፣ 5 ግን የለም። ይህም የዶ ማጆር የመጀመሪያው ግልበጣ ነው። ቁጥር የሌለው ባስ 5 እና 3 እንዳለው ይነበባል፤ ሶል ላይ 6 እና 4 ከተጻፈ ደግሞ ሁለተኛው ግልበጣ ይሆናል።

ሌላው ስህተት የእኛው አገር ነው። ከክራር ወደ ኪቦርድ የመጣና የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ አንድ ልጅ፣ ይኸው 6 ሲሰጠው ሚን ከኦክታቭዋ ጋር መታና «የኔታ፣ ስድስተኛዋ እኮ ራሷ ሚ ናት» አለኝ። የቆጠረው አምስት ኖታ ባለው በትዝታ ቅኝት ነበር፤ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ። በቅኝቱ ሒሳብ ልክ ነው፤ ፊገርድ ባስ ግን ፋና ሲ ሳይዘለሉ በሰባቱም ኖታዎች ይቆጠራል።

በቀኝ እጁ ሶል-ዶ-ሚ ይዞ በግራው ዶን የሚመታ ሰው ኮርዱን ገለበጥኩ ይላል። አልገለበጠም፤ ግልበጣን የሚወስነው ከሁሉም በታች የሚሰማው ኖታ ነው። በባንድ ውስጥ እንዲያውም ውሳኔው ከኪቦርዱ ይልቅ የቤዝ ጊታሩ ነው።

በባለ አራት ኖታ ኮርዶች፣ ለምሳሌ በሶል-ሲ-ሬ-ፋ፣ ተማሪዎች 7፣ 6-5፣ 4-3 እና 4-2ን እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድዳሉ፤ ፈተና ላይም ያቀላቅሏቸዋል። መሸምደድ አያስፈልግም፦ በቆጠራ ተከታትለው ከሚመጡት ሁለት ቁጥሮች ትልቁ ወደ መነሻው ይመራል። ባሱ ሲ ሆኖ 6-5 ቢል ስድስተኛው ሶል ነው፤ ባሱ ሬ ሆኖ 4-3 ቢል አራተኛው ሶል ነው። በ4-2 ጊዜ ባሱ ራሱ እንደ 1 ይቆጠራል፤ ስለዚህ ፋ ላይ ሁለተኛው፣ አሁንም ሶል፣ መነሻ ይሆናል።

ቁጥር የሌለው ሻርፕ (♯፣ ኖታን በግማሽ ድምፅ የሚያነሣ ምልክት) ባሱን የሚያነሣ የሚመስላቸውም አሉ፤ የሚነሣው ከባሱ ሦስተኛው ነው። በላ ማይነር ሚ ሥር ሻርፕ ካለ ሶል ወደ ሶል ሻርፕ ይወጣል።

በ6-4 ላይ እንደ ቤቱ መቀመጥ ግን ጆሮን የሚያስቀይም ስህተት ነው። በማሳረጊያ ላይ ባሱ ሶል ባለበት ሲጸና፣ ከላይ ሚ ወደ ሬ፣ ዶም ወደ ሲ መውረድ አለባቸው፤ 6-4 ወደ 5-3 የሚጻፈውም ለዚህ ነው። አንዳንድ መምህራን ይህን የዶ ኮርድ ሁለተኛ ግልበጣ ብለው ይሰይሙታል፤ እኔ ግን ገና ያላረፈ የሶል ኮርድ ነው ብዬ አስተምራለሁ፣ ምክንያቱም ስሙን እንዲህ የያዘ ተማሪ ጣቱን ሳይነግሩት ያወርዳል።