«ሜክ ሪሰርች» አትበሉ፤ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ የማይጠፉ የእንግሊዝኛ ስህተቶች

ሰኔ ሲደርስ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ዙሪያ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረፋ አይጣል ነው። ከሚጠረዙት ጽሑፎች አንዱን ገለጥ አድርጉ። ሰዋስዉ ደህና ነው፣ ስፔሊንጉንም ኮምፒውተሩ አርሞታል፣ ግን «ሪሰርች» የምትለዋ ቃል አጠገብ የማይሆን ግስ ተለጥፎ ታገኛላችሁ።

ዋነኛው «ሜክ ሪሰርች» ነው። እኛ ጥናት ስለምናደርግ ቀጥታ ገልብጠነው ነው። እንግሊዝኛው «ዱ ሪሰርች» ይላል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ «ኮንዳክት» ወይም «ካሪ አውት» ይሻላል። ሁለቱም «ጥናት አካሄደ» ከምንለው ጋር ስለሚገጥሙ ለመያዝ አያስቸግሩም።

«ኤ ሪሰርች» እና «ሜኒ ሪሰርችስ» ደግሞ ዓይን ይወጋሉ። ቃሉ እንደ ውሃ አይቆጠርም። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ 3 ጥናት ካነበባችሁ «ስሪ ስተዲስ» በሉ፣ እሱ ይቆጠራል። «ኤቪደንስ» ላይም መጨረሻው ላይ ሌላ «ስ» አትቀጥሉ።

መስተዋድድ ላይ «ሪሰርች ኦን» ወይም «ሪሰርች ኢንቱ» ነው የተለመደው። «አባውት» ሲባል ይሰማል፣ ግን መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሁለቱን ምረጡ። «ኮንክሉዥን» ላይ የምታሳስተን የራሳችን «ላይ» ናት፤ ድምዳሜ ላይ ስለምንደርስ «ሪችድ ቱ ኤ ኮንክሉዥን» ብለን ቁጭ። «ሪችድ ኤ ኮንክሉዥን» ይበቃል። «ቱ» ካማራችሁ «ኬም ቱ»፣ «አት» ካማራችሁ «አራይቭድ አት» አለላችሁ።

«ቢግ ሪሰርች» አይባልም፣ «ኤክስቴንሲቭ» ነው። ጥልቅ ለማለት «ኢን ዴፕዝ»።

«ሪሰርች ፕሩቭስ» ግን ከቋንቋም ያልፋል። 40 ተማሪ መጠይቅ አስሞልቶ «ፕሩቭስ» ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? «ሰጀስትስ» በሉ፣ ውጤቱ ጠንካራ ከሆነ «ሾውስ»። አድቫይዘር ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው፣ እውነቱንም ነው።

ስትጠራጠሩ ኢንተርኔት ላይ «ኮካ» (COCA) የሚባል የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2019 ከተጻፈውና ከተነገረው የተሰበሰበ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃል ይዟል። ሁለቱን አባባል አስገብታችሁ የትኛው እንደሚበዛ ማየት ነው። ፍለጋውን ግን «አካዳሚክ» የሚለው ክፍል ላይ ብቻ አድርጉት፣ አለዚያ የፊልም ንግግር ሁሉ ይቀላቀልባችኋል።