ገዢ አይቶት የሚሄደውን ሳሎን እንዴት አስተካከልነው

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው የአክስቴ ቤት ለሽያጭ ከወጣ ቆይቷል። ደላላው ሰው ያመጣል፤ ሰው ሳሎኑን ያይና "እናስብበት" ብሎ ይሄዳል። ዋጋው አልነበረም ችግሩ። ክረምቱ የግድግዳውን ግርጌ አርሶት ቀለሙ ተልጧል። የእርጥበት ሽታው ገና ከበር ይቀበላል።

መጀመሪያ ምንጩን ፈለግን። የአሸንዳው ውሃ ከውጭ ግድግዳው ሥር ይጠራቀም ነበር። አሸንዳው ተጠገነ፣ ውሃው ወደ ቦይ ተመራ። ከዚያ የላላው ልስን ተፍቆ ተነሳ። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ነው የሚጠረገው፤ በውሃ ሲታጠብ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ቀለም ቀቢው ቶሎ እንጨርስ ቢልም እስኪደርቅ ይጠበቅ አልኩ። እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል፤ ገዢንም ማታለል ነው። የጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቀው ፈካ ያለ ክሬም ቀባነው።

የቀረው ቀላል ነው። ወፍራሙ መጋረጃ በስስ ተተካ። መስኮቱን የጋረደው ቡፌ ወደ ጥግ ሄደ። "እቴቴ፣ ፎቶዎቹንም እናንሳ?" ስላት ግን ቅር አላት፤ የሠርጓን ተውንላት። ልክ ነች፣ ቤት ሰው የኖረበት መምሰል አለበት።

ቀጥለው የመጡት ባልና ሚስት ሶፋቸውን የት እንደሚያስቀምጡ እዚያው መነጋገር ጀመሩ። ቀብድ ከፍለዋል።