«አይፒህን አውቃለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ሲደርስዎ

«የአይፒ አድራሻህን ስላገኘሁ ቤትህን አውቃለሁ» የሚል መልእክት ከደረሰዎ (አይፒ አድራሻ ማለት ኢንተርኔት ሲጠቀሙ ግንኙነትዎ የሚታወቅበት ቁጥር ነው)፣ ከመደንገጥዎ በፊት ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ የራስዎን አይፒ ይፈልጉና የአይፒ መገኛን በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት። ጅማ ወይም ደሴ ተቀምጠው «አዲስ አበባ» ቢልዎ አይገረሙ፤ አድራሻው በይፋዊው የአይፒ አድራሻዎች መዝገብ ላይ የሰፈረው በኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ስም እንጂ በእርስዎ ስም አይደለም፤ በሞባይል ኔትወርክ ደግሞ አንዱን ቁጥር ብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ሊጋሩት ይችላሉ። ስለዚህ ላኪው ከአይፒው ብቻ የሚያገኘው የድርጅቱን ስምና የከተማ ግምት ነው፣ ያውም ግምቱ ከሠመረለት። መልእክቱ ሊንክ ካለው ግን አይክፈቱት፤ አይፒዎን ገና ያላገኘ ሰው በዚያው ሊያገኘው ይችላል። ይህ ሁሉ ከሕግ ይሰውራል ማለት አይደለም፤ አድራሻውን በየትኛው ሰዓት ማን እንደተጠቀመበት አቅራቢው መዝግቦ ሊይዝ ይችላል።