ሻርዶኔን በኦክ በርሜል ማቆየት፣ በአዳማ ሙቀት

ሻርዶኔ የተባለው የነጭ ወይን ዝርያ የራሱ ኃይለኛ ሽታ የለውም። ፍሬው ፖምና ሎሚ፣ በደንብ ሲበስል ደግሞ ኮክና አናናስ ይሸታል። ቫኒላው፣ ቅቤው፣ የተቆላ ለውዙ ከአያያዝ የሚመጡ ናቸው። አዳማ ላይ ደግሞ የሚያስቸግረው እንጨቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

ለ225 ሊትር በርሜል ከ350 እስከ 400 ኪሎ ፍሬ ይዘጋጅ። ከባቱ (ዝዋይ) የሚመጣ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ተለቅሞ ፀሐይ ሳይበረታ ይድረስ። ስኳሩ ከ22 እስከ 23 ብሪክስ (የጭማቂ ስኳር መለኪያ) ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ አሲዱ ይወርድና አልኮሉ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ዘለላውን ሳይፈለፍሉ በቀስታ ይጭመቁት። በ100 ሊትር ጭማቂ 5 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ወይኑን ከመበላሸት የሚጠብቅ የሰልፋይት ዱቄት) ጨምረው በቀዝቃዛ ክፍል ያሳድሩና ከላይ የጠለለውን ብቻ ይቅዱ።

በርሜሉ ቀድሞ ሁለት ቀን ውሃ ይሞላ፤ እንጨቱ ሲያብጥ ማፍሰሱን ያቆማል። የፈረንሳይ ኦክ ለስለስ ይላል፤ የአሜሪካው ቫኒላና ኮኮናቱን ያጎላል። የውስጡ በእሳት መጠበስ ጋንን በወይራ እንደማጠን ነው፤ ሲበዛ ጭሱ ፍሬውን ይውጠዋል፣ ስለዚህ መካከለኛውን ይምረጡ።

ጭማቂው ሲብላላ ለሚያወጣው አረፋ ቦታ እንዲኖር 200 ሊትር ብቻ ይሙሉ። ቀሪውን በጠባብ አፍ የመስታወት ዕቃ አብረው ያብላሉት፤ በኋላ ለመሙያ ይፈለጋል። 50 ግራም የወይን እርሾ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው ይጨምሩ። ሙቀቱ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ይሁን፤ 25 ካለፈ የፍሬው ሽታ ይተናል። መብራት ሲጠፋ እርጥብ ጆንያ በርሜሉ ላይ ማልበስ ይረዳል።

ስኳሩ ሲያልቅ የማሎላክቲክ ባክቴሪያ ይጨመራል። ኃይለኛውን ማሊክ አሲድ ወደ ለስላሳው ላክቲክ ይለውጠዋል፤ የቅቤው ሽታም ከዚህ ይወለዳል። እስኪጨርስ ሰልፋይት አያስነኩት። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲጨምር አሲዱ ያንሳል) ከ3.5 በላይ ከሆነ ግን ይህን ደረጃ ቢዘሉት ይሻላል፤ አለበለዚያ ወይኑ ሕይወት ያጣል። ሲያልቅ (ወይም ከተዘለለ ወዲያው) ለበርሜሉ 12 ግራም ሜታባይሰልፋይት ይጨመራል።

አተላውን አይድፉት። ለሁለት ሦስት ወር በሳምንት አንዴ በዱላ ሲማሰል ወይኑን ያወፍረዋል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ግን ቶሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ።

ብዙ በርሜል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ በርሜል በትነት ይጎድላል፣ በደረቅ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። በየሳምንቱ ከፍተው በዚያው ባስቀሩት ወይን እስከ አፉ ይሙሉት፤ በውሃ በፍጹም። ክፍት ቦታ ከቀረ አየር ይገባና ወይኑ ይጠቁራል፣ ቀጥሎም ሆምጣጤ ይሆናል።

አዲስ በርሜል ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ይቀመስ፤ እንጨቱ ከፍሬው ቀድሞ ከተሰማ ወደ አሮጌ በርሜል ያዛውሩት። አብዛኛው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይበቃዋል። በርሜል ለሌለው በሊትር 2 ግራም የተጠበሰ የኦክ ቁራጭ ይሠራል፣ ግን ጥልቀቱ ያንሳል።

ከመታሸጉ በፊት በሊትር ግማሽ ግራም ያህል ቤንቶናይት (የማጥለያ ሸክላ ዱቄት) ያጥልሉበት። ይህ ከተዘለለ ጠርሙሱ በሞቃት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይደፈርሳል።