ደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት ከመሥራታችን በፊት አፈሩን እንዴት እናስመርምር?

ድሬዳዋ ላይ በበጋ መሠረት ሲቆፈር ቶሎ የሚሰማው ወሬ «ይሄማ ዓለት ነው» የሚል ነው። ዶማው ይነጥራል፣ ቆፋሪው በላብ ይጠመቃል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ችግሩ የድሬ ፀሐይ ያደረቀው ሸክላ አፈርም እንደዚያው ዶማ ማንጠሩ ነው። ውኃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል።

አጎቴ በዚህ ተሸውዷል። አንድ ሜትር ቆፍሮ ጠጠር አገኘና «በቃ፣ ተገላገልን» ብሎ ሰርቪስ ቤቱን ሠራ። ከጠጠሩ ሥር ሸክላ ነበር። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ማፍሰስ ሲጀምር የማዕዘኑ ግድግዳ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ሆኖ ተሰነጠቀ።

ነገሩ የሚመጣው ከወንዙ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ጎርፍ ድንገት ይወርዳል። ፈጣኑ ውኃ ጠጠርና አሸዋ ጥሎ ይሄዳል። ቀስ ብሎ የተኛው ደግሞ ደለልና ሸክላ። ስለዚህ አፈሩ ድርብርብ ነው፣ በጥቂት እርምጃም ይለወጣል። የአንድ ጉድጓድ ውጤት ለግቢው ሁሉ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ሰው ጠይቁ። በ1998 ክረምት ሌሊት በመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ያኔ ውኃው እስከ የት እንደደረሰ የሰፈሩ አዛውንቶች በጣታቸው ያሳዩአችኋል። ቦታው የጎርፍ መንገድ ከሆነ የትኛውም መሠረት አያድነውም፤ ፕላኑን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። የጎረቤት አጥርና በረንዳም ይናገራል። ስንጥቁን እዩ፣ መቼ እንደጀመረም ጠይቁ።

ቀጥሎ የሙከራ ጉድጓድ ነው። ቢያንስ ሦስት፣ ቤቱ በሚያርፍባቸው ማዕዘኖች አካባቢ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ጥልቀት። ደረት ካለፈ ግድግዳውን ሳትደግፉ ሰው አታስገቡ፤ ደለል ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። አፈሩ በተለወጠ ቁጥር ጥልቀቱን ጻፉ፣ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ።

ከየንብርብሩ ጭብጥ አፈር ውሰዱና በውኃ አርሱት። በመዳፍ ስታሹት እንደ ክር ቀጥኖ ካልተበጣጠሰ ሸክላ ነው። እርጥቡን መዳፍ ላይ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ላዩ ውኃ አውጥቶ ካብለጨለጨ ደለል ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ በውኃ በጥብጣችሁም አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይሰፍራል፣ በማግሥቱም ያልጠራው ውኃ ሸክላ እንዳለ ይነግራችኋል። ይህ ለጥርጣሬ ነው እንጂ ለዲዛይን አይበቃም።

ፎቅ ካሰባችሁ፣ ወይም ሸክላ ከታየ፣ ቁፋሮ ማሽን ያላቸውን ጥሩ። ማሽኑ ጉድጓዱ ውስጥ 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየጣለ ዘንግ ይመታል። የመጀመሪያው 15 ሳንቲ ሜትር አይቆጠርም። ቀጣዩን 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት የፈጀው ምት ይመዘገባል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ደረቅ ሸክላም ብዙ ምት ይፈጃል፣ ሪፖርቱ ላይ ጠንካራ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ «አፈሩ ሲርስስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው።

ለዚያ ያልተነካካ ናሙና ያስፈልጋል። በቱቦ ወጥቶ ጫፍና ጫፉ በሰም ይታሸጋል። ፒክአፕ ላይ ፀሐይ ውስጥ ውሎ ከደረቀ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ ጥላ ሥር አስቀምጡ ብላችሁ ቁሙባቸው። የአፈሩን እርጥበት፣ የፕላስቲሲቲ መጠን (ኢንዴክስ፦ አፈሩ እንደ ሊጥ የሚቦካበት የእርጥበት ስፋት)፣ የማበጥ ግፊትና የመስመጥ መጠን አስለኩ። ሰልፌት የሚባለው ጨውም ይታይ፤ ኮንክሪት ይበላል። የፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ ከ35 ከዘለለ በጣም የሚያብጥ አፈር ላይ ናችሁ ማለት ነው። ጉድጓዱ ውኃ ካወጣ ቁፋሮው እንዳለቀ ብቻ ሳይሆን በማግሥቱም ይለካ፤ ውኃ ሸክላ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሰበሰበው።

ሪፖርቱ ሲመጣ ማኅተሙን ብቻ አይታችሁ አታስቀምጡት። የየጉድጓዱ ዝርዝር አለ ወይ? መሠረቱ ስንት ሜትር ላይ ይረፍ ይላል? ሸክላው ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፣ ማት (ከቤቱ ሥር ሙሉ የሚነጠፍ ወፍራም ኮንክሪት) ይሁን ወይስ ፓይል (ወደ ጥልቅ የሚወርድ ምሰሶ)፣ ይህን ሪፖርቱን ይዞ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። እናንተ አንድ ነገር አትርሱ። የሽንት ቤት ጉድጓዱን፣ የጣሪያውን አሸንዳ መውረጃና ውኃ የምታጠጡትን ዛፍ ቦታ ፕላኑ ላይ አስምራችሁ ስጡት፤ አጎቴን ማንም ይህን አልጠየቀውም ነበር።