«ታይም» ሩሲያኛ ተናጋሪን ሲያስቸግር

እዚህ እስራኤል አብራኝ የምትሠራ ሩሲያኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ እያጠናች ነው። ሌላው ሁሉ ይገባታል፤ «ታይም» ላይ ስትደርስ ግን ትደናበራለች። እኛ «ጊዜ የለኝም»ም፣ «ሦስት ጊዜ ደወልኩ»ም የምንለው በአንድ ቃል ነው። ሩሲያኛ ለሁለት ይከፍለዋል፦ የሚያልፈው ጊዜ «ቭሬምያ»፣ የሚቆጠረው «ራዝ»።

«ሃው ማች ታይም ኢዝ ኢት?» ካለች
ስንት ሰዓት ነው ማለቷ ነው። «ስኮልኮ ቭሬመኒ» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጣዋለች። «ዋት ታይም ኢዝ ኢት?» ትሸምድድ፣ አለቀ።

«ፋይቭ ታይም» ካለች
«ስ» ተውጣለች። ለ«አምስት ጊዜ» ሩሲያኛው «ፒያት ራዝ» ነው፤ «ራዝ» እዚህ ላይ ምንም አይጨመርበትም። የእኛም «ጊዜ» እንደዚያው ስለሆነ ባንስቅባት ይሻላል። መፍትሄው፦ በሩሲያኛ «ራዝ» ብላ ከአንድ በላይ የምትቆጥረው ከሆነ «ታይምስ»፣ «ቭሬምያ» ከሆነ «ታይም» ብቻ።

«ኢን ዘ ፈርስት ታይም» ካለች
ጥፋቱ የ«ቭ ፔርቪ ራዝ» ነው። «ቭ» አብዛኛውን ጊዜ «ኢን» ስለሚሆን እዚህም ይዛው መጣች። ትክክሉ «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ነው።

«ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም» ከተምታቱባት
ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ሩሲያኛ ለሁለቱም «ቮቭሬምያ» ይላል። መጀመሪያው ላይ ያለችው «ቮ» ደግሞ የ«ኢን» ዘመድ ናት፤ ስለዚህ ሁሌ «ኢን ታይም» ይቀናታል። ልዩነቱን ስነግራት ገባኝ ትላለች፣ በማግስቱ እዚያው ናት። የጠቀማት በራሷ ቋንቋ መፈተሽ ነው። በ«ቮቭሬምያ» ፋንታ «ፖ ራስፒሳኒዩ»፣ ማለትም በፕሮግራሙ መሠረት፣ ማለት ከቻለች «ኦን ታይም» ነው። «ኡስፔላ»፣ ማለትም ሳያመልጠኝ ደረስኩ፣ የሚያስኬድ ከሆነ «ኢን ታይም»። 2 ሰዓት ላይ ይነሳል የተባለ ባቡር ልክ በ2 ሰዓት ከተነሳ «ኦን ታይም» ነው። እሷ ሮጣ በሩ ሳይዘጋ ዘው ካለች «ኢን ታይም»። ለጥቂት ከሆነማ «ጀስት ኢን ታይም»።

«ሃቭ ጉድ ታይም» ካለች
«ኤ» ጎድላለች። ሩሲያኛ እንዲህ ያለ ቃል ጭራሽ የለውም። ደስ ብሎን ስላሳለፍነው ጊዜ ስናወራ «ኤ ጉድ ታይም» ነው፤ ጊዜ የለኝም ስንል ግን «ኤ» አትገባም፣ «አይ ሃቭ ኖ ታይም»። ይህቺን «ኤ» እኔም አልፎ አልፎ እረሳታለሁ።