ቀይ ሽንኩርቱ ክረምቱን ሳያልፍ ለምን ይበላሻል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ጓሮዎች ችግርና መፍትሄ

በጓሮው ቀይ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ሐሳቡ አንድ ነው፤ ግንቦት ላይ ያወጣውን ሐምሌንና ነሐሴን አሻግሮ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ማድረስ። ክረምት ሲገባ የመስኖ ሽንኩርት ከገበያ ይሳሳል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። የቤቱ ሽንኩርት መበላሸት የሚጀምረውም ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ያስቆጫል፤ አብዛኛው ብልሽት ሊቀር የሚችል ነውና።

ነሐሴ ላይ የሚታየው ብስባሽ ብዙውን ጊዜ የተጀመረው ግንቦት ላይ ነው። መግቢያውም አንገቱ ነው፤ ቅጠሉና ራሱ፣ ማለትም የሚበላው ድቡልቡል ክፍል፣ የሚገናኙበት ቦታ። ስለዚህ ከታች የእናንተን ሽንኩርት የሚመስል ምልክት ስታገኙ ያስቀመጣችሁበትን ክፍል ብቻ አትጠርጥሩ። እንዴት እንደወጣና እንዴት እንደደረቀም መለስ ብላችሁ አስቡ።

ሌላም ነገር አለ። ለደሴ የሚሆነው መፍትሄ ለኮምቦልቻ ላይሆን ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ኮቱን የሚያወልቀው ወዶ አይደለም። የደሴ ሽንኩርት ጠላቱ እርጥበትና ቅዝቃዜ ነው፤ የኮምቦልቻው ሙቀት።

አንገቱ ለስልሷል፣ ቡናማ ሆኗል፣ ግራጫ ሻጋታ ይታይበታል

ደሴ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ከላይ ሲያዩት ሽንኩርቱ ደህና ይመስላል። አንገቱን ጫን ሲያደርጉት ግን ጣት ይሰምጣል። ለሁለት ሲከፍሉት፣ የተቀቀለ የሚመስል ቡናማ ንብርብር ከአንገቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል።

ምክንያቱ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር የሚስማማው የአንገት አበስባሽ ፈንገስ ነው። የሚገባው ባልደረቀ አንገት በኩል ነው። አንገት የማይደርቀው ደግሞ ዩሪያ ዘግይቶ ሲሰጥ፣ ውሃ እስከ መጨረሻው ቀን ሲጠጣ ወይም ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ ሲቆረጥ ነው።

ስለዚህ መፍትሄው ከመደቡ ይጀምራል። ራሱ መወፈር ከጀመረ በኋላ ዩሪያ አትጨምሩ። ከማውጣታችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውሃ አቁሙ። አሸዋማ መሬት ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ውሃ ይዞ የሚቆይ ዋልካ ከሆነ ሦስቱን ስጡት።

መድረሱን የሚናገረው ቅጠሉ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተክል አንገቱ ታጥፎ ቅጠሉ መሬት ላይ ሲተኛ ጊዜው ደርሷል። ቶሎ ይድረስልኝ ብሎ ቅጠሉን በእግሩ የሚረጋግጥ አለ። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ሽንኩርቱን አያደርሰውም፤ የተቀጠቀጠው ቦታ ለፈንገሱ መግቢያ ይሆናል እንጂ። ቅጠሉ ሁሉ ክው ብሎ እስኪደርቅ መጠበቅም ጥሩ አይደለም። ልጣጩ ይሰነጣጠቃል። የዘገየ የበልግ ዝናብ ካገኘው ደግሞ መሬት ውስጥ እንዳለ እንደገና ሥር ይሰዳል።

ስታወጡት ቅጠሉን ይዛችሁ አትጎትቱ። ከጎኑ በመቆፈሪያ አፈሩን አላልታችሁ ከሥር አንሱት። አፈሩን በእጃችሁ አራግፉ። ውሃ ግን አታስነኩት፤ ለክረምት የሚቀመጥ ሽንኩርት አይታጠብም።

ከዚያ ማድረቅ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ቅጠሉን ሳትቆርጡ በርብራብ ወይም በሰሌን ላይ፣ ሳይደራረብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ዘርጉት። ኮምቦልቻ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል። ደሴ ላይ ሦስት ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ በሆጤም ሆነ በቧንቧ ውሃ ሰፈር ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነገር አይደርቅም፤ እንዲያውም የደረቀው መልሶ ይረጥባል። ያኔ ወደ በረንዳ ወይም ግድግዳ ወደሌለው የቆርቆሮ ጥላ ውሰዱት። ቦታ ከጠበበ ቅጠሉን ጎንጉናችሁ ስቀሉት። ማድቤት ውስጥ መስቀል የለመዱ ቤቶች አሉ። ማድቤቱ አየር የሚያስወጣ ከሆነ የእሳቱ ሙቀት ይረዳል። የምጣድና የድስት እንፋሎት የሚታፈንበት ከሆነ ግን ከማድረቅ ይልቅ ያረጥባል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ማድረቅማ በሕይወት መቀለድ ነው፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

መድረቁን እንዲህ ፈትኑ። አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ እሹት። ውስጡ የሚንሸራተት ነገር ከተሰማችሁ እርጥበት አለው፤ መልሱት። ጥብቅ ብሎ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ሥሩንም ንኩት፤ የደረቀ ሥር ሲታጠፍ ይሰበራል። ከብዙ ቦታ አንስታችሁ ሞክሩ፤ ዳር ያለው ሲደርቅ መሃሉ ሊቀር ይችላል። ሁለቱንም ካለፈ በኋላ አንገቱን ሁለት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ራሱ ድረስ አስጠግቶ መቁረጥ ያምራል፤ ግን ቁስል ይተዋል።

አንገቱ የላላ አሁኑኑ ካገኛችሁ ከሌላው ለዩት። የበሰበሰውን ክፍል ከነዙሪያው ጣሉ፤ ጤነኛው ዛሬውኑ ድስት ይግባ።

ከልጣጩ ሥር ጥቁር ዱቄት አለ

ይሄ ደግሞ የኮምቦልቻ ነው፤ ወደ ቆላማው ሐርቡ ሲወርዱም ይብሳል። ጥቀርሻ መሳይ ዱቄት በላይኛው ልጣጭ ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱትን የንብርብሩን ቀጫጭን መስመሮች ተከትሎ ይታያል። ጥቁር ሻጋታ ነው። 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ከእርጥበት ጋር ሲገናኝለት ይፋፋል።

ቆርቆሮው ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ያስቀመጠ ሰው ቀን ቀን ሽንኩርቱን እያሞቀው ነው። ወደ ታች አውርዱት። ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ አጠገብ፣ ፊት ለፊት ሁለት መስኮት ያለው ክፍል ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ሲያወጡም ሲያጓጉዙም አይወርወር፤ የተቀጠቀጠው ላይ ሻጋታው ቶሎ ይይዛል። በፀሐይ የሞቀውን ሽንኩርት ወዲያው ከረጢት ውስጥ አትክተቱ። በጥላ እስኪበርድ ጠብቁት፤ አለዚያ ያልበዋል።

ዱቄቱ ደረቁ ልጣጭ ላይ ብቻ ከሆነ ልጡት፣ እጠቡት፣ አብስሉት። ወደሚበላው ንብርብር ከገባ ይጣል። የሻገተውን ቤት ውስጥ አታራግፉ፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ይገባል። አስም ያለበት ሰው ካለማ ጨርሶ ውጭ ይለቀም።

አቆጠቆጠ ወይም ሥር አወጣ

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከታች ሥር ካወጣ ክፍሉ እርጥብ ነው ማለት ነው። ከላይ አረንጓዴ ቡቃያ ካወጣ ደግሞ ነገሩ የሙቀት መጠን ነው።

ብዙ ሰው «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው» ይላል። ይሄ ምክር ደሴ ላይ ያሳስታል። ሽንኩርት እንቅልፉን የሚተኛው ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ብርድ ወይም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያለው መካከለኛ ቅዝቃዜ ቀስቅሶ ያበቅለዋል። የደሴ ቤት በክረምት የሚገኘው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ደሴ ያላችሁ ከቤታችሁ የቀዘቀዘውን ሳይሆን የደረቀውንና ሞቅ ያለውን ክፍል ምረጡ። ከሲሚንቶ ወለል አንሱት። ከግድግዳውም ትንሽ አርቁት።

ፍሪጅ ለተላጠና ለተከተፈ ሽንኩርት እንጂ ለክረምት ማከማቻ አይሆንም። እርጥበቱ ብዙ ነው፤ ከወጣም በኋላ ወዲያው ያቆጠቁጣል።

ዘሩም ይወስነዋል። እንደ ቦምቤ ሬድ ያሉት በየገበያው የምናውቃቸው ዝርያዎች በቤት አየር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቢቆዩ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቁባቸው። ትንንሹ የሐበሻ ሽንኩርት ይበልጥ ይቆያል። ጓሯችሁ ከበቃ ሁለቱንም ትከሉና ትልልቁን መጀመሪያ ጨርሱ።

ያቆጠቆጠው አይጎዳም፤ ይበላል። ወይም ጣሳ ውስጥ ትከሉትና ቅጠሉን ቀንጥሱ።

ለስላሳ ነው፣ ውሃ ያወጣል፣ ይሸታል

የባክቴሪያ ብስባሽ ነው። በዝናብ ከወጣ፣ ከቆሰለ ወይም እርጥብ እያለ ከታፈነ ሽንኩርት ይነሳል። ሽታው ከበሩ ይቀበላችኋል። የሚድን የለም። ከነዙሪያው አውጡ፤ ፈሳሹ የነካቸውን ጎረቤቶቹንም ለይታችሁ ቶሎ ተጠቀሙባቸው። ርብራቡን ወልውላችሁ ፀሐይ አስመቱት።

አንድ ጎኑ ነጣ፣ ጎደጎደ

የፀሐይ ቃጠሎ ነው። ራሱ ራቁቱን ቀትር ላይ ሲውል ይመጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቀን ይበቃዋል። መጀመሪያ መደቡ ላይ የምታቆዩት ከሆነ የአንዱን ቅጠል በሌላው ራስ ላይ እያለበሳችሁ ደርድሩ። የተቃጠለው አይቀመጥም፤ መጀመሪያ ይበላል።

ቀለለ፣ ተጨማደደ

ውሃው ወጥቶበታል። ልጣጩ የተገፈፈ ሽንኩርት ቶሎ ይቀላል፤ ስለዚህ እንዲያምር ብላችሁ ልጣጭ አታራግፉ። ሙቀት ያለበት ቤት ትንሽ መቅለል አይቀርም። ውስጡ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ለወጥ ችግር የለውም።

ከረጢቱ ዳር ያለው ደህና ነው፣ መሃሉ ተበላሽቷል

ሽንኩርት ከወጣም በኋላ ይተነፍሳል። ሙቀትና እርጥበት ያወጣል። የዩሪያ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታጭቆ አፉ ከታሰረ ያ እርጥበት መሃል ላይ ይታፈናል። ገበያ ላይ የምታዩትን የመረብ ከረጢት ተጠቀሙና ግማሹን ብቻ ሙሉት፤ ከዚያ ስቀሉት። ወይም የባሕር ዛፍ አጣና እየረበረባችሁ ቆጥ ሥሩ፤ ክምሩም ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሳንዱቅ ካለ፣ ጎኑ ቀዳዳ ያለው የቲማቲም ሳንዱቅ ይሆናል።

ድንች አጠገቡ አይቀመጥ። ድንች እርጥበት ያወጣል፣ ሽንኩርቱም ይረጥብና ይበላሻል። ደሴ ቤት ሁለቱን አንድ ጥግ ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ ይሄን አጥብቄ እናገራለሁ።

አንገተ ወፍራም፣ መንታ ወይም አበባ ያወጣ

እነዚህ መጀመሪያውኑ ለክረምት አይደሉም። አንገተ ወፍራሙ አይደርቅም። መንታው መሃሉ ክፍተት ስላለው እርጥበት ይገባዋል። አበባ ያወጣው ውስጡ ጠንካራ ዘንግ አለው፤ ከዘንጉ ዙሪያ ይበሰብሳል። ደሴ ላይ ችግኝ ወፍሮ ብርድ ካገኘው አበባ የሚያወጣው ይበዛል። ስለዚህ ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ሳያልፍ ይተከል።

እነዚህን ሁሉ በምታወጡበት ቀን ለዩና ለሰኔ አስቀምጡ። ከበዙባችሁ ክተፉና ቁሌት ሥሩ፤ ሲበርድ በትንንሽ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። መካከለኛ መጠን ያለው፣ አንገቱ ቀጭንና ልጣጩ ሙሉ የሆነው ለነሐሴና ለመስከረም ይቀመጥ። እሱንም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ልቀሙ፤ ከታች ያለውን ወደ ላይ አምጡ፣ የላላውን የዚያን ቀን ወጥ ውስጥ ጨምሩት።